ላሟ በሰማይ፣ ገመዷ በእጃችን

እኛ ሰፈር ዕቃ አይገዛም፤ የዕቃ ልብስ ነው የሚገዛው። ስልኩ ሳይገዛ ከቨሩ ይመረጣል። ፍሪጁ ሳይመጣ አናቱ ላይ የሚዘረጋው ዳንቴል ተሠርቶ ያልቃል። መኪና ለመግዛት እቁብ የገባ ሰው ዕጣው ሳይወጣለት የመሪ ከቨር ገዝቶ ቤቱ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያል፤ እንግዳውም መኪናውን ነድቶት የመጣ ይመስል ‹‹እንኳን ደስ ያለህ፣ በደስታ ንዳው›› ብሎ መርቆ ይወጣል።

አሁን ደግሞ ይኸው ጠባያችን በእጅ ተይዘው ወደሚጫወቱባቸው የጌም መሣሪያዎች ተሻግሯል። ኒንቴንዶ ስዊች፣ ስቲም ዴክ፣ ድሮም ጌም ቦይና ፒኤስፒ የሚባሉትን ማለቴ ነው። መሣሪያው አንድ፣ ጓዙ ሃያ፦ ቦርሳ፣ የስክሪን መስታወት፣ ለጆይስቲኩ አናት የጎማ ቆብ፣ ትርፍ ቻርጀር፣ ሚሞሪ፣ ቴሌቪዥን ላይ መሰኪያ፣ መደገፊያ፣ የመደገፊያው መያዣ። ይህን ጓዝ ቀድሞ መግዛት ደግሞ ብልህነት ሆኗል። ‹‹አሁን ካልገዛህ በኋላ ወይ ይወደዳል ወይ ይጠፋል፤ ዛሬ የገዛኸው ዕድሜ ልክህን ያገለግልሃል›› ይላሉ። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ሽንኩርት ነገ እንደሚወደድ እያወቁ ሩብ ኪሎ የሚገዙት ናቸው።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንድ ጎረምሳ አለ። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቱ በስልክ ‹‹ስዊች እልክልሃለሁ›› አለችው። መቼ፣ በማን፣ የትኛውን ስዊች የሚለው አልተነሳም። ስልኩ ሳይዘጋ ዝግጅቱ ተጀመረ። ቴሌግራም ላይ ሲያስስ አመሸና በማግስቱ ሞተረኛ ያመጣለትን ቦርሳ ለደረጃው ነዋሪ በሙሉ አስጎበኘ። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ዙሪያውን ዚፕ፣ ውስጡ እንደ ልኩ የተቦረቦረ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ክዳኑ ላይ አሥር ትንንሽ ኪሶች። ኪሶቹ ለጌም ካርዶች ናቸው፤ አንዷ ካርድ ከሲም ካርድ እምብዛም አትበልጥም። ‹‹ጌም ስንት አለህ?›› አልኩት። ‹‹ጌምማ ገና ነው እትዬ፤ ቦታው ግን አለ›› አለኝ፤ ኩራቱ ለብቻው ነው።

ቦርሳው መደርደሪያ ላይ ባዶውን ሰነበተ። እናቱ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናት፤ ቤቷ ውስጥ ባዶ ነገር ተቀምጦ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ከነጠላዋ ሥር አንድ ጥቁር ነገር አውጥታ ዚፑን ጥርርር ስታደርገው ሁላችንም ዘወር አልን። መሣሪያው ይተኛበታል በተባለው ጉድጓድ ውስጥ የደረሰኙ ጥራዝና ማኅተሙ፣ በመረቡ ኪስ ውስጥ ብሩ፣ በአሥሩ የጌም ኪሶች ደግሞ የቤተሰቡ አሮጌ ሲም ካርዶችና የቁም ሣጥን ቁልፎች። ሊቀመንበራችን ቦርሳውን ተቀብለው መዘኑት፣ በጣታቸው ኳኳ ኳኳ አደረጉት፣ ከዚያም ‹‹እንዲህ ዓይነት ካዝና የት ይገኛል?›› ብለው ጠየቁ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ቦርሳ አንድም ጌም ሳያይ ሁለት ለቅሶ ደርሷል።

ግን ልጁን ብቻ ለምን እናማለን? ባለጠጋው ዓለምም ከእኛ አይሻልም። በጥር 2025 (ወሮቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ላስ ቬጋስ በተካሄደው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ላይ ገንኪ የሚባል አክሰሰሪ ሠሪ ድርጅት ‹‹ስዊች 2 ይህን ይመስላል›› ብሎ ሞዴል ይዞ ቀረበ። ኒንቴንዶ በዚያ ሰዓት መሣሪያውን ለሰው ገና አላሳየም ነበር። እናቱ ያልገለጠችውን ሕፃን ልብስ ሰፊው ለክቶ ጨርሷል ማለት ነው። ኒንቴንዶ በዚያው ወር አጋማሽ መሣሪያውን አሳየ፤ መሸጥ የጀመረው ደግሞ ሰኔ መግቢያ ላይ። በመሃል ገንኪን ፍርድ ቤት ገተረው፣ ዓመቱ ሳያልቅም ታረቁ። ክስና እርቅ የራሳቸው ጉዳይ ነው። እኔን ያሳቀኝ ገበያው ነው፤ ማንም ዓይቶት ለማያውቅ መሣሪያ ቦርሳና ከቨር የሚጠይቅ ሕዝብ ባይኖር ኖሮ ሞዴሉ ባልተሠራ። ‹‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ›› ይሉ ነበር አባቶቻችን። የዛሬው ሰው ወተቷን ባያይም ገመዷን ገዝቷል፣ ማለቢያዋን ደግሞ በሁለት ቀለም አዝዟል።

‹‹ቶሎ ግዛ›› ባዮቹን እንዳልበድላቸው፣ አንዳንዴ እውነት አላቸው። ያ ስዊች 2 አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ሚያዝያ መግቢያ ላይ ሲነገር አንድ ሳንቲም የጎደለው 450 ዶላር ተባለ። ከዚያ የቀረጥ ወሬ መጣና ቅድሚያ ማዘዣው ቀን ተገፋ። ተመልሶ ሲከፈት የመሣሪያው ዋጋ ንቅንቅ አላለም፤ የጨመረው ጓዙ ነው። 79 ዶላር ከ99 የተባለው ጆይስቲክ 84 ከ99 ሆነ። ቦርሳና የስክሪን ላስቲክ አንድ ላይ የታሸገው ከ34 ከ99 ወደ 39 ከ99 ወጣ። ካሜራውም እንደዚያው አምስት ዶላር ተቆለለበት። ያቺ የቨርጂኒያ አክስት ይህን ስትነግረን ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ‹‹ብዬ ነበር! ቀድሜ ብገዛው ኖሮ!›› ትላለች። እንዳትገዛ የከለከላት ደግሞ ሻጩ ራሱ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ዋጋውን ለወጠና ከፈተ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ሳታፈስስ ነው ስትለቅም የከረመችው።

እሷም እጅ የምትሰጥ ሰው አይደለችም። ከዚያ በፊት ብላክ ፍራይዴይ ሲመጣ ‹‹አዲሱ ስዊች ሲወጣ ሚሞሪ ይወደዳል›› ብላ የሚሞሪ ካርድ አከማችታለች። በኩንታል ጤፍ የሚሸምት ቤት ልጅ ናትና ሦስት አራት ገዝታ መቆም አታውቅም። ስዊች 2 ሲወጣ የሚቀበለው ሚሞሪ ኤክስፕረስ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ብቻ ሆነ። ቅርጹ ያው ነው፣ ቀዳዳው ውስጥም ይገባል፤ ጌም ግን አይጫንበትም። አሮጌው ካርድ የሚፈቀድለት አንድ ሥራ ነው፦ በድሮው ስዊች የተነሱትን ፎቶና ቪዲዮ ማሻገር። ‹‹ግባ፣ አልበምህን አሳየንና ውጣ›› ነው ነገሩ። ካርዶቹ ግን ሥራ አልፈቱም። አሁን የአሜሪካ ሠርግና ክርስትና ተጭኖባቸው በሰው እጅ ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ፤ አንዱ ሙሉውን የሙሽሮቹ ዳንስ ነው፣ ያውም ሁለቴ የተቀረጸ።

ከዚህ ተቃራኒው ደግሞ አለላችሁ። ሶኒ በ2011 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ቪታ የሚባል የእጅ መሣሪያ አወጣ። የራሱ የሆነ ሚሞሪ ካርድ ነበረው፤ ሌላው ዓለም የሚጠቀምበት ካርድ እዚያ አይገባም። አሜሪካ ሲደርስ መሣሪያው 250 ዶላር ገደማ፣ 32 ጊጋባይቱ ካርድ ብቻውን 100 ዶላር ገደማ። የዚያን ጊዜ ብልጥ ነኝ ያለ ሁሉ ‹‹ሚሞሪ መቼም ይረክሳል፣ እጠብቃለሁ›› አለ። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ሚሞሪ በዓለም ሁሉ ረከሰ፣ የቪታው ግን እንደ ሌላው አልረከሰም። ሠሪው አንድ፣ መሣሪያው ደግሞ በ2019 መመረቱን አቆመ። ዛሬ ያንን ካርድ የሚፈልግ ሰው በአሮጌ ዕቃ ገበያ ደጅ ይጠናል። እንግዲህ እውነቱን ከተናገርን ቶሎ መግዛት የሚያዋጣው ሠሪው ብቻ ለሚሠራውና ያለሱ መሣሪያው ለማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ቦርሳና መስታወትማ ማንም ይሠራዋል፣ በየወሩ እየረከሰ ነው የሚሄደው። ታዲያ እኛ ምን እንገዛለን? ቦርሳና መስታወት። የሚያምረው እሱ ነዋ! ሚሞሪ ተሰክቶ ከገባ በኋላ ማን ያይልሃል?

ወደ ጎረምሳው ቤት ልመለስ፤ አባቱን ዘልያቸው ነበር። ጡረተኛ ናቸው፣ ቁምነገረኛ፣ ጌም አይወዱም፤ ኤሌክትሪክ ግን ይፈራሉ። ‹‹ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ 110 ነው፤ እዚህ 220 ላይ ስትሰኩት ቤቱን ነው የሚያነደው›› አሉና መሣሪያው ሳይመጣ መርካቶ ወርደው ትራንስፎርመር ገዙ። ሁለት ወጣቶች ተጋግዘው ነው በደረጃው ያወጡት፤ በየፎቁ እያረፉ። ስታብላይዘርም ተጨመረ፣ ለስታብላይዘሩም ዲቫይደር። ሳሎኑ ንዑስ የኃይል ጣቢያ ሆነ።

ሰው መጣ፤ ዕቃው ደረሰ። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ በጥቃቅን ፊደል ‹‹100–240 ቮልት›› የሚል ተጽፎበታል፤ የትም አገር ቢሰካ ግድ የለውም ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ሆነ። የአሜሪካ ሶኬት ጥርሱ ጠፍጣፋ ነው፣ የእኛ ግድግዳ ክብ ነው የሚጎርሰው። ያችን ጠፍጣፋውን ወደ ክብ የምትቀይር፣ ከዕቃው ሁሉ ትንሿንና ርካሿን አዳፕተር ማንም አልገዛም! ሰዓቱ መሽቷል፣ ሱቅ ተዘግቷል። ልጁ መሣሪያው ከቨርጂኒያ ይዞት በመጣው ቻርጅ ጥቂት ተጫወተና ስክሪኑ ጠፋ፤ ትራንስፎርመሩ፣ ስታብላይዘሩና ዲቫይደሩ መብራታቸውን አብርተው በጨለማው ስክሪን ዙሪያ አደሩ። አሁን ትራንስፎርመሩ የበረንዳውን በር ደግፎ ይዟል። ነፋስ በመታ ቁጥር ጋሼ ‹‹አላልኩም? ይኸው ጠቀመ›› ይላሉ።

በነጋታው ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። የመጣው ስዊች ላይት ነው። አክስትየዋ ዋጋ አይታ፣ ትንሹን መርጣ። ስዊች ላይት በ2019 የወጣ፣ ስክሪኑ 5.5 ኢንች የሆነ፣ ጆይስቲኩ ከአካሉ የማይነቀል፣ ቴሌቪዥን ላይ ጭራሽ የማይሰካ መሣሪያ ነው። እዚህ የተገዛው ጓዝ በሙሉ ለትልቁ ነው፦ መስታወቱ ለ6.2 ኢንች ተቆርጧል፣ መሰኪያው ቴሌቪዥን ይጠብቃል። የእድሩ ገንዘብ ለጊዜው ወደ ፌስታል ተዛወረና መሣሪያው ቦርሳው ውስጥ ተቀመጠ። ይዋኛል። ሲያዘነብሉት ከዳር ዳር ይሄዳል። ልጁ ሊያለቅስ ነው። እናቱ ግን ቀረብ ብላ አየችውና፣ ለየትኛውም ልጇ ዩኒፎርም ስትገዛ እንደምትለው፣ ‹‹ምን አለበት፣ ያድግበታል›› አለች።

አላደገም። ከዚያ የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጠ፤ እኔም ቡና ጠጪ ሆኜ ተሳትፌያለሁ። አጀንዳው ‹‹ያልሆነው የቱ ነው?›› የሚል ነበር። አስተውሉልኝ፤ በጓዙ በኩል ቦርሳ፣ መስታወት፣ መሰኪያ፣ አራት የጎማ ቆብ፣ መደገፊያና አንድ ትራንስፎርመር ቆመዋል። በሌላው በኩል አንድ ብቻውን የመጣ ትንሽ መሣሪያ። በድምፅ ብልጫ ጥፋተኛው መሣሪያው ሆነ። ቨርጂኒያ ተደወለ፤ ‹‹እግዜር ይስጥልን እህቴ፣ በጣም ደስ ብሎናል፤ ግን ልክ አልሆነም። ከቦርሳው ጋር የሚሄድ፣ ተለቅ ያለ የለም?›› ቦርሳውን ስለመለወጥ አንድም ሰው አላነሳም፤ እኔንም ጨምሮ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው አክሰሰሪ ቀድሞ መግዛት ለረጅም ጊዜ ያዋጣል ሲባል ነገሩ የገባኝ፤ የሚያዋጣው ለሚቀጥለው መሣሪያ ሻጭ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ደግሞ ባንክ የሚሠራ ሰው አለ፤ እሱ ትልቁን፣ ኦሌድ የሚባለውን አግኝቷል። ይህ ሰው ጥንቁቅ ነው፤ ሶፋው ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ጨርቅ አለ። መሣሪያው ሳይበራ የገዛውን ጠንካራ መስታወት ሊለጥፍ ተዘጋጀ። ሥርዓቱን ልንገራችሁ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። መጀመሪያ መስኮቶች ተዘጉ፣ ነፋስ አቧራ እንዳያመጣ። ልጆች ከክፍሉ ተባረሩ። ሚስቱ ቡና እንዳትወቅጥ ተነገራት። መታጠቢያ ቤቱ በሙቅ ውኃ እንፋሎት ተሞላ፤ እንፋሎት አቧራ ያስቀምጣል የሚል ያነበበው አለ። እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ገባ። ከዚያ ስክሪኑ ዳር ላይ አንዲት ስስ ላስቲክ ጫፏን አየ። ‹‹የፋብሪካ ላስቲክ ነች›› አለና በጥፍሩ ጀምሮ ቀስ እያለ፣ ትንፋሹን ይዞ ላጣት። ያቺ ስስ ላስቲክ ስክሪኑ ቢሰበር ስብርባሪው እንዳይበተን ኒንቴንዶ ራሱ የለጠፋት፣ ‹‹አትንቀሏት›› ብሎ ያስጠነቀቀባት ናት። ልጦ ጣላትና ከሱቅ የገዛውን ለጠፈበት። ጠባቂውን በነጻ አባርሮ ዘበኛ በደመወዝ ቀጠረ።

ዘበኛውም ከነአረፋው ነው የገባው። መሃል ላይ፣ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ፣ የምስር ፍሬ የምታህል የአየር አረፋ ቀረች። በመታወቂያ ገፋት፤ ወደ ቀኝ ሄደች። በኤቲኤም ካርድ ገፋት፤ ተመለሰች። አሁን ጌም ሲጫወት አረፋዋ የቆመችበት ቦታ ጠላት ካለ አይታየውም፤ በተሸነፈ ቁጥር ‹‹መስታወቱ ነው›› ይላል። ለሽንፈት ሰበብ የሚሆን አክሰሰሪ በምንም ዋጋ ቢገዛ አያስቆጭም፤ ይህን እንኳ አመንኩለት።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ጌም ቦይ በ1989 ሲወጣ አራት የባትሪ ድንጋይ ይጎርስ ነበር፤ ስክሪኑ ግን መብራት አልነበረውም። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ለመጫወት ከላይ የሚገጠም አጉሊ መነጽር ያለው መብራት ተሸጠ፤ መብራቱ ደግሞ የራሱን ድንጋይ ይፈልጋል። በ2001 ጌም ቦይ አድቫንስ መጣ፤ አሁንም ጨለማ። አንገቱ የሚጠመዘዝ መብራት ተገዛ። በ2003 ኤስፒ የሚባለው ከነመብራቱ ሲመጣ የተገዛው መብራት ሁሉ መሳቢያ ገባ። ሰው ‹‹ተገላገልኩ፣ ከእንግዲህ የምገዛው የለም›› ብሎ ሳይጨርስ ማዳመጫውን ሊሰካ ሲፈልግ ቀዳዳው የለም! ለብቻው የሚሸጥ ማገናኛ መግዛት ሊኖርበት ነው። ብርሃኑን ሰጥተው ጆሮውን ነሱት። የሴጋው ጌም ጊር ደግሞ ስድስት ድንጋይ የሚበላ ሆዳም ነበር፤ ለእሱ ከተሠሩት ጓዞች አንዱ ቴሌቪዥን ማየት የሚያስችል መቀበያ ነው። አሜሪካ በ2009 የድሮውን የአናሎግ ሥርጭት ስትዘጋ ያ መቀበያ ሽሽሽ የሚል ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ማሳያ ሆነ። ባለቤቱ ቢያንስ አንድ ነገር አተረፈ፤ ማስታወቂያ የሌለው ጣቢያ።

ይህ ሁሉ ኮተት ዛሬ ዋጋ የለውም እንዳልል፣ አለው። የአሮጌ ጌም ሰብሳቢዎች የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ያንን መብራት፣ ያንን መቀበያ ፈልገው ይገዛሉ። ግን ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ‹‹ተከፍቷል?›› ከተከፈተ ተራ ዕቃ ነው። ሳይከፈት፣ ሳይነካ፣ ከነላስቲኩ ከቆየ ግን ገንዘብ ያወጣል። እንግዲህ በዚህ ስሌት አክሰሰሪ የሚያዋጣው ያልተጠቀምክበት ከሆነ ነው። ዓለም ይህን ጥበብ አሁን ነው የደረሰበት፤ እኛ ቤት ግን ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ‹‹ለእንግዳ›› ተብለው ከእናቴ ሠርግ ጀምሮ የሰው ከንፈር አልነካቸውም። እንግዳ ሲመጣም ‹‹ይሰበራሉ›› ተብሎ በኩባያ ነው የሚጠጣው። እኔ ራሴ የቴሌቪዥኔን ሪሞት ከነፌስታሉ፣ በላስቲክ ቋጥሬ ነው የምጠቀመው። ቁጥሮቹ ከላይ አይታዩም፤ በግምት ነው የምጫነው፤ ዜና ስፈልግ የምግብ ዝግጅት ይመጣል። ፌስታሉ በተቀደደ ቁጥር ደግሞ ሌላ እደርባለሁ። ከሥር ያለው ሪሞት ግን፣ አይቶት የሚያውቅ ባይኖርም፣ አዲስ ነው።

ጓዝ ሁሉ ተደምሮ የማይስተካከለው አንድ ነገር አለ፤ ማንም የማይገዛው፣ በነጻ የሚመጣው ካርቶን። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሁሉ ካርቶን ይጠይቃል፤ የድሮ መሣሪያ ባዶ ካርቶን ለብቻው ይሸጣል። ጎረምሳው ይህን ዩቲዩብ ላይ አይቶ ወደ እናቱ ሮጠ። ‹‹እማዬ፣ የስዊቹን ካርቶን እንዳትጥዪው! ከሃያ ዓመት በኋላ ብር ነው።›› እናቱ ተቀየመች። ‹‹እኔ ካርቶን ስጥል አይተኸኝ ታውቃለህ?›› እውነቷን ነው፤ ቁም ሣጥኗ አናት ላይ የካውያው፣ የስቶቩ፣ የማታውቀው ሰው ቴሌቪዥን ካርቶን ሳይቀር ተደርድሯል። የስዊቹም እዚያ ወጣ። ልጁ በሳምንት አንዴ ወንበር ላይ ቆሞ ማዕዘኖቹን በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምረዋል፤ መሣሪያው ራሱ ሶፋው ላይ ሽሮ ነክቶት ተዘርግቶ ሳለ።

ከዚያ ዕቃውን ያመጣው ሰው ወደ ቨርጂኒያ ሊመለስ ሆነ። ለአክስት ባዶ እጅ አይላክም። በርበሬው ተዘጋጀ፤ ላስቲክ ውስጥ ገባ፣ ሌላ ላስቲክ ተደረበለት፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይፈነዳ ደግሞ ጠንካራ፣ ልኩን የሆነ ካርቶን ተፈለገ። እናቲቱ ወደ ቁም ሣጥኑ ቀና አለች። ልጁ ትምህርት ቤት ነበር። በርበሬው ልክክ ብሎ ገባ፤ እዚህ ቤት ከመጣው ሁሉ ልክ የሆነ የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነው። በፕላስተር ዙሪያውን ተጠቀለለ።

ቨርጂኒያ ሻንጣው ሲከፈት የአክስትየዋ ትንሹ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ኒንቴንዶ የሚል ጽሑፍ አየ። ጮኸ፣ ዘለለ፣ በፕላስተሩ ላይ በጥርሱ ወረደበት፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ‹‹ይሄ ማሸጊያው ነው›› ብሎ ላስቲኩን ቀደደ፣ ከዚያም ፊቱን አስጠጋ። ሲያነጥስ ጎረቤት ሰምቷል ይላሉ። አክስትየዋ ስልክ ደውላ በሣቅ እየፈረሰች ታሪኩን ስትነግረን ስፒከር ላይ አድርገን ሁላችን አብረን ሣቅን፤ ጎረምሳው ብቻ ፊቱ ዓመድ መሰለ። ለአክስቱ ልጅ አዝኖ ነው ብለን ዝም አልን። ቀስ ብሎ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና፣ ‹‹አክስቴ፣ ማዕዘኑ ደህና ነው?››